ስለ ኮሙኒኬሽን ተማሪዎች ትምህርትና ስለ ሥራቸው ተስፋ

መንግሥትና ሕዝብ የሚገናኙበት ድልድይ ቃል ነው። ቃል በትክክል የተላለፈ እንደ ሆነ ሹሙ ያሰበውን ሕዝቡ ያውቃል፤ ሕዝቡ የተቸገረበትንም ሹሙ ይሰማል፤ ሥራውም ያለ ሁከት ይከናወናል። ቃል የተጣመመ ወይም የዘገየ እንደ ሆነ ግን መልካሙ ሐሳብ ስንኳ እንደ ክፉ ይቈጠራል፤ በመካከሉም ሐሜት ይገባል። ስለዚህ በጥንቱ ዘመን አዋጅ ነጋሪው በገበያ ቀን ነጋሪት አስመትቶ ሲናገር ከታዘዘው ቃል ምንም እንዳይጐድል፥ ምንም እንዳይጨመርበት ይጠነቀቅ ነበር። አባቶች «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ብለው መተረታቸውም የቃልን ክብደት ለማስረዳት ነው።

ዛሬ የአዋጅ ነጋሪው ሥራ በአንድ ሰው ጕሮሮ የሚፈጸም መሆኑ ቀርቷል። ጋዜጣው፥ ራዲዮው፥ ቴሌቪዥኑ፥ በእጅ ስልክም የሚነበበው ኢንተርኔት ሁሉ የነጋሪቱን ቦታ ተካፍለውታል። ሥራው ስለ በዛና ስለ ረቀቀ በትምህርት የሚገኝ ጥበብ ሆነ፤ በዩኒቨርሲቲዎችም የጋዜጠኝነትና የኮሙኒኬሽን ትምህርት ተብሎ ይሰጣል። ይህን ትምህርት የሚማሩት ወጣቶች ከምረቃ በኋላ ምን ዓይነት የትምህርትና የሥራ በር እንደሚከፈትላቸው፥ በሩንስ የሚዘጋው ምን እንደ ሆነ መመርመር ሠራተኛ ለሚቀጥሩ ሹማምንትም ሆነ ሕዝብን ለሚመክሩ ካህናት የሚገባ ነገር ነው።

ነገሩን በምሳሌ ለማየት ሻንቶን መመልከት ይበቃል። ሻንቶ በወላይታ ዞን ከሶዶ በስተ ሰሜን የምትገኝ የዳሞት ፑላሳ ወረዳ ርእሰ ከተማ ናት። አገሩ ሰው የበዛበት፥ የእርሻ መሬትም የጠበበበት ነው። ገበሬው ከጓሮው እንሰት፥ ከማሳውም በቆሎና ቦሎቄ፥ ስኳር ድንችም እያገኘ ሲኖር ልጆቹን ሁሉ በዚያች መሬት ላይ ሊያኖር እንደማይችል ከተረዳው ብዙ ዘመን ሆኖታል። ስለዚህ ለልጁ ከመሬት ይልቅ ትምህርትን ሊያወርሰው ይወዳል። ወይፈኑን ሸጦ፥ ከዘመድ ተበድሮ፥ የራሱን ልብስ ሳይለውጥ ልጁን ዩኒቨርሲቲ የሚያደርስ አባት፥ በገበያ ቅቤና ቆጮ እየሸጠች ለሴት ልጇ የደብተርና የመንገድ ገንዘብ የምትልክ እናት በዚያ አገር ብዙ ናቸው።

ልጁ ሐኪም ወይም መምህር ወይም መሐንዲስ ለመሆን የተማረ እንደ ሆነ አባት የልጁን ሥራ ለጎረቤት ለመንገር አይቸገርም፤ ሐኪም ቤቱም ትምህርት ቤቱም በፊቱ ቆሞ ይታያልና። ልጁ ኮሙኒኬሽን የተማረ እንደ ሆነ ግን ከምረቃው ግብዣ በኋላ «ልጄ፥ ይህ የተማርኸው ነገር ምን ያሠራል?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ልጁም ደኅና መልስ ካላገኘ፥ ጥቂት ወራትም በሥራ ፈትነት ከቈየ፥ አባት በልጁ፥ ልጁም በትምህርቱ ማፈር ይጀምራሉ። ከዚያ ወዲያ ታናናሾቹ ልጆች «ወንድማችን ተምሮ ምን አገኘ?» ማለትን ይለምዳሉ። ስለዚህ የአንድ ተመራቂ ሥራ ማጣት የአንድ ሰው ጉዳት ብቻ ሆኖ የሚቀር አይደለም፤ የመንደሩ ሁሉ የትምህርት ፍቅር የሚቀዘቅዝበት ምክንያት ነው።

ለአባትየው ጥያቄ መልስ ለመስጠት የሥራውን ታሪክ ማስታወስ ይጠቅማል። በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት አእምሮ የተባለው ጋዜጣ በመጀመሪያ በእጅ እየተጻፈ ይታደል ነበር። በ1917 ዓ.ም. ብርሃንና ሰላም ጋዜጣ መታተም ጀመረ። በ1933 ዓ.ም. ጠላት ከአገር በወጣበት ዓመት አዲስ ዘመን ተመሠረተ። ራዲዮ ከጠላት ወረራ ጥቂት ቀደም ብሎ፥ ቴሌቪዥን ደግሞ በ1957 ዓ.ም. ተጀመሩ። በእነዚያ ዘመናት በጋዜጣ ይጽፉ ከነበሩት ሰዎች ብዙዎቹ ንባብና ቅኔን ከቤተ ክህነት፥ የውጭ ቋንቋን ከዘመናዊ ትምህርት ቤት የተማሩ ሲሆኑ ጋዜጠኝነትን ግን የተማሩት በሥራው ላይ ነው።

በአሜሪካ የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት የከፈተው በ1901 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር 1908 ማለት ነው። በኢትዮጵያ የመገናኛ ብዙኀን ማሠልጠኛ ተቋም የተከፈተው በ1980ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ግድም ሲሆን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋዜጠኝነትና በኮሙኒኬሽን የማስተርስ ትምህርት የጀመረው በ1996 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ትምህርቱ ወደ ባሕር ዳር፥ ወደ ሐዋሳና ወደ ሌሎችም ዩኒቨርሲቲዎች ተዳረሰ። በ1999 ዓ.ም. የተከፈተው የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲም በትምህርት ክፍሎቹ መካከል ጋዜጠኝነትንና ኮሙኒኬሽንን አስገብቶ ያስተምራል። በዚህም ምክንያት የሻንቶ ልጅ ይህን ጥበብ ለመማር ከአገሩ እጅግ መራቅ አላስፈለገውም።

ትምህርቱም ዜና መጻፍ ብቻ አይደለም። ተማሪው ወሬን ከምንጩ መርምሮ እውነቱን ከሐሰቱ መለየትን፥ ረጅሙን ነገር ሳያበላሹ ማሳጠርን፥ በራዲዮና በቴሌቪዥን መናገርን፥ ምስል ማንሣትና ማቀናበርን፥ የሕዝብን አሳብ ጠይቆ መረዳትን፥ በሽታ ወይም ጥፋት በመጣ ጊዜ ሕዝብን ሳያስደነግጡ ማስጠንቀቅን፥ ስለ ሥራውም የወጡትን ሕጎች ይማራል። ይህን ሁሉ በሚገባ የተማረ ሰው ለማናቸውም መሥሪያ ቤት የሚያስፈልግ መሆኑ የሚያጠራጥር አይደለም።

ለመሆኑ ሥራው የት ይገኛል? መጀመሪያ የሚገኘው ሩቅ አይደለም፤ በዚያው በወረዳው ውስጥ ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኀንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቍጥር 590 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለሕዝብ መረጃ የሚሰጥ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ እንዲኖራቸው አዟል፤ መረጃ ለጠየቀም ሰው በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጠው ደንግጓል። በየዞኑና በየወረዳውም የመንግሥት ኮሙኒኬሽን ጽሕፈት ቤት ተቋቁሟል። በ2015 ዓ.ም. በነሐሴ ወር የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በተመሠረተ ጊዜ ሶዶ የክልሉ የአስተዳደር መቀመጫ ሆነች፤ ቢሮዎችም ወደ ከተማዋ ገቡ። ቢሮ በገባበት ሁሉ የቢሮውን ሥራ ለሕዝብ የሚያስረዳ፥ የሕዝቡንም አቤቱታ ለቢሮው የሚያደርስ ሰው ያስፈልጋል።

ሁለተኛው የመገናኛ ብዙኀን ሥራ ነው። በሶዶ ከተማ በወላይትኛ የሚናገሩ የራዲዮ ጣቢያዎች አሉ። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኀን አዋጅ ቍጥር 1238ም ከሕዝብና ከንግድ ጣቢያዎች ጋር የማኅበረሰብ ጣቢያዎችን ያወቀ ስለ ሆነ የአንድ አካባቢ ሰዎች ተባብረው ጣቢያ ሊያቋቁሙ ይችላሉ። ከአገር ውጭም የጀርመን ራዲዮ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ፥ ቢቢሲም ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ በአማርኛ ማሰራጨታቸው ቋንቋውንና ሥራውን ደኅና አድርጎ ለሚያውቅ ሰው ሌላ በር የሚከፍት ሆኗል።

ሦስተኛው ከመንግሥት ደመወዝ ውጭ ያለው ሥራ ነው። ዩኒቨርሲቲውና ሆስፒታሎቹ፥ የልማት ማኅበራቱ፥ የገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት፥ ባንኮችና ነጋዴዎችም ሥራቸውን የሚያስታውቅላቸው ሰው ይፈልጋሉ። ሁለትና ሦስት ተመራቂዎች ተባብረው አንድ ካሜራና አንድ ኮምፒዩተር ቢገዙ ለሠርግ፥ ለስብሰባ፥ ለማስታወቂያም ምስል እያዘጋጁ እንጀራቸውን ሊያገኙ ይችላሉ። ይህ ሥራ በመጀመሪያ ገቢው ትንሽ ቢሆንም ቀጣሪን ደጅ ከመጥናት ያድናል።

ይሁን እንጂ የሥራው አስፈላጊነት በደመወዝተኛ ቍጥር ብቻ የሚለካ አይደለም። የተላለፈ ቃልና የተሰማ ቃል ባልተገናኙ ጊዜ ምን ጉዳት እንደሚመጣ ወላይታ ራሷ ምስክር ናት። በ1990ዎቹ መግቢያ ላይ ወላይትኛን፥ ጋሞኛን፥ ጎፍኛንና ዳውሮኛን በአንድ አዋሕዶ ወጋጎዳ በተባለ ቋንቋ የትምህርት መጽሐፍ ተዘጋጀ። መጽሐፉ ከመታተሙ በፊት ግን የቋንቋው ባለቤት የሆነው ሕዝብ ደኅና ሆኖ አልተጠየቀም፤ አሳቡም አልተሰማም። በ1992 ዓ.ም. በሶዶ ታላቅ ተቃውሞ ተነሣ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። በኋላም መጻሕፍቱ ከትምህርት ቤቶች ተሰበሰቡ፤ በ1993 ዓ.ም. ደግሞ ወላይታ ራሷን የቻለች ዞን ሆነች። ያን ጊዜ ከብዙ ገንዘብና ከሰው ሕይወት በፊት ሊቀድም ይገባው የነበረው ነገር ጠይቆ መስማት ነበር። ጠይቆ መስማትም የኮሙኒኬሽን ትምህርት እኩሌታው ነው።

በ2016 ዓ.ም. በሐምሌ ወር በዚሁ ክልል በጎፋ ዞን የመሬት ናዳ ከ200 የሚበልጡ ሰዎችን በገደለ ጊዜ ከሞቱት ብዙዎቹ የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰቡ ነበሩ፤ እነርሱን ሁለተኛው ናዳ አገኛቸው። የሰዎቹ ደግነት የሚመሰገን ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለ አደጋ በተራራማ አገር ተመልሶ ሊመጣ ይችላልና የአየሩን ጠባይ የሚያውቀው ባለሙያ የሚናገረውን በገበሬው ቋንቋ፥ ገበሬው በሚያምነው ሰው አንደበት፥ ጊዜው ሳያልፍ የሚያደርስ ሠራተኛ በየወረዳው መኖር አለበት። እንዲህ ያለውን ሠራተኛ እንደ ትርፍ መቍጠር ታላቅ ስሕተት ነው።

የቋንቋም ነገር ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በተጀመረ ጊዜ ትምህርቱ ከተሰጠባቸው 15 ቋንቋዎች አንዱ ወላይትኛ ነበር፤ ያን ጊዜ በግዕዝ ፊደል ተጻፈ፤ ከ1980ዎቹ ወዲህ ግን በላቲን ፊደል ይጻፋል። የሻንቶ ተመራቂ ወላይትኛን ከእናቱ አፍ የተማረ፥ አማርኛን በሥራ ቋንቋነቱ የሚያውቅ፥ እንግሊዝኛንም በዩኒቨርሲቲ የተማረበት ነው። ሦስቱንም አጥርቶ መጻፍ የቻለ እንደ ሆነ ከሌላ አገር የመጣ ባለሙያ ሊወዳደረው አይችልም። ነገር ግን ሦስቱንም በግማሽ ብቻ የያዘ እንደ ሆነ በሦስቱም ያፍራል። ብዙ ጊዜም የሚታየው ችግር ይህ ነው፤ የምስክር ወረቀት የያዘው ወጣት አንድ ገጽ ደብዳቤ ያለ ስሕተት መጻፍ ሲሳነው ቀጣሪው ትምህርቱን ሁሉ ይንቃል።

በሩን የሚዘጉት ነገሮች ሦስት ናቸው። አንደኛው የቍጥር አለመመጣጠን ነው። የወረዳ በጀት ጠባብ፥ የጽሕፈት ቤቱም መደብ ጥቂት ሲሆን በየዓመቱ የሚመረቁት ብዙ ናቸው። ባልትናውን የሚያውቁ «መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነበር» እንደሚሉት ተማሪ ከመቀበል በፊት ሥራውን መገመት ይገባ ነበር። ሁለተኛው የቦታው አሰጣጥ ነው። የኮሙኒኬሽን ሥራ ማንም አፍ ያለው ሰው የሚሠራው ይመስል ለዘመድ ወይም ከሌላ ቦታ ለተነሣ ሰው ማረፊያ ሲደረግ የተማረው ውጭ ይቀራል፤ ሥራውም ስብሰባ በተደረገ ቍጥር ፎቶግራፍ አንሥቶ ከመለጠፍ አያልፍም። ሦስተኛው የተመራቂው የራሱ ስንፍና ነው። ትምህርት ማለት የምስክር ወረቀት መያዝ ብቻ የመሰለው፥ ከመንግሥት ወንበር በቀር ሌላ ሥራ የሚያሳፍረው፥ በትምህርት ቤት ሳለ አንዲት ጽሑፍ ስንኳ ለጋዜጣ ወይም ለራዲዮ ያላቀረበ ወጣት ቀጣሪ ቢያልፈው የሚደነቅ አይደለም።

በዚህ ነገር የቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ሥርዓት ብዙ ምክር ይሰጣል። ከንባብ ቤት እስከ ዜማ ቤት፥ ከቅኔ ቤት እስከ መጻሕፍት ቤት ያለው መንገድ ረጅም ነው፤ ተማሪውም ቍራሽ እየለመነ ይማራል። ነገር ግን እያንዳንዱ ደረጃ የሚያደርስበት አገልግሎት አስቀድሞ የታወቀ ነው። ድጓ የዘለቀ ሰው ወደ ቤተ ልሔም ሄዶ በሊቃውንቱ ፊት ተመርምሮ ምስክር ይሆናል፤ ያልበቃ እንደ ሆነ ይመለሳል፤ ማንም አያዝንለትም፤ እርሱም ሊቃውንቱን አያማም። ተማሪው ገና ሳይጨርስ ከመምህሩ ሥር ሆኖ ታናናሾቹን ያስተምራል፤ በማኅሌት ይቆማል፤ በተግባር ይፈተናል። እንግዲህ የታወቀ ግብ፥ እውነተኛ ፈተና፥ በሥራ ላይ መለማመድ፥ እነዚህ ሦስቱ የተገኙበት ትምህርት ባለቤቱን አያሳፍርም።

ዩኒቨርሲቲዎቹም ወደዚህ መንገድ መቅረብ ጀምረዋል። በ2015 ዓ.ም. በሐምሌ ወር የመውጫ ፈተና በአገር አቀፍ ደረጃ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ ከተፈተኑት ግማሹ ስንኳ አላለፉም። ነገሩ ለብዙ ቤት ኀዘን ሆነ፤ ነገር ግን የምስክር ወረቀትና ዕውቀት ተለያይተው እንደ ነበር ያስታወቀ መስተዋት ነው። ተማሪው የመውጫ ፈተናውን እንደ ጠላት ሳይሆን እንደ ቤተ ልሔሙ ምስክርነት ቢቈጥረው፥ ፈተናውን ያለፈውም ወረቀቱን በድፍረት ለቀጣሪ ሊያሳይ ይችላል።

ከመጀመሪያው ዲግሪ በላይ ለመማር የሚፈልግ ተመራቂም መንገዱ አልተዘጋበትም። ለድኅረ ምረቃ የሚሰጠውን የመግቢያ ፈተና ያለፈ እንደ ሆነ በማስተርስ፥ ከዚያም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እስከ ዶክተርነት ድረስ ሊማር ይችላል። ለወላይታ ልጅ ደግሞ የጥናት መስክ በደጁ አለ። ሽማግሌዎች ስለ ጊፋታ በዓል የሚናገሩትን፥ በዕርቅና በሸንጎ የሚሰማውን የንግግር ሥርዓት፥ በ1962 ዓ.ም. ግድም የተቋቋመው የወላይታ የእርሻ ልማት ድርጅት ገበሬውን እንዴት አድርጎ እንዳስተማረ መርምሮ የሚጽፍ ሰው የሚያገኘው ዲግሪ ብቻ አይደለም፤ ሽማግሌዎቹ ሲያልፉ አብሮ የሚያልፈውን ዕውቀት ለልጅ ልጅ ያቈያል። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው መቅረጫና ትዕግሥት ነው።

ከዚህ በላይ እንደ ተጻፈው ከሆነ እያንዳንዱ ወገን የሚያደርገው አለው። የወረዳና የዞን ሹማምንት የኮሙኒኬሽኑን ወንበር ለተማረና በውድድር ለበለጠ ሰው ቢሰጡ፥ ደመወዝ ለመክፈል በጀት ባይበቃም ተማሪዎች በዕረፍታቸው ወራት በጽሕፈት ቤቱ እንዲለማመዱ ቢፈቅዱ፥ ባለሙያውም መልካሙን ብቻ ሳይሆን የሕዝቡን ቅሬታ ሲያቀርብ ባይቈጡት ጥቅሙ ለራሳቸው ነው። ቅሬታን አስቀድሞ የሰማ ሹም ሁከትን በኋላ አያይምና። ዩኒቨርሲቲው የሚቀበላቸውን ተማሪዎች ቍጥር ከሥራው ጋር ቢያመዛዝን፥ ከጽሕፈት ቤት ይልቅ በገበያና በመንደር ቢያስተምራቸው ይሻላል። ካህናትና የሃይማኖት አባቶች ሁሉ ሕዝብ የሚያምናቸው ናቸውና ወጣቱን በደጃቸው ሲያገኙት ማንኛውም ሥራ በታማኝነት ከተሠራ የማያሳፍር መሆኑን ቢመክሩት፥ የጤናና የአደጋ ማስጠንቀቂያ ይዞ ሲመጣም ቃሉን ቢያደርሱለት ድካሙን ያቀሉለታል።

ተማሪው ግን ሁሉን ከሌላ መጠበቅ የለበትም። ዛሬ በሻንቶ ገበያ የቦሎቄ ዋጋ ስንት እንደ ሆነ፥ የትኛው የምንጭ ውሃ እንደ ደረቀ፥ በየትኛው ትምህርት ቤት ወንበር እንደ ጐደለ ጠይቆ፥ መርምሮ፥ በጠራ ወላይትኛና በጠራ አማርኛ ጽፎ ለሚያስፈልገው ክፍል ያቅርብ። እንዲህ ያለ ጽሑፍ በአንድ ዓመት ውስጥ ሃያ ወይም ሠላሳ ቢያጠራቅም ከምስክር ወረቀቱ ይበልጥ ይናገርለታል። ያን ጊዜ አባቱ «የተማርኸው ነገር ምን ያሠራል?» ብሎ ሲጠይቀው በቃል መመለስ አያስፈልገውም፤ ጽሑፉን አውጥቶ ያነብለታል። አባትየውም የምንጩን መድረቅ ልጁ ጽፎት ሹሙ እንደ ሰማው፥ ውሃውም እንደ ተጠገነ ሲያይ፥ የሸጠው ወይፈን ምን እንደ ገዛለት ያውቃል።